ወደ ዲሲ ለምትገቡ፦ የከተማውን አገልግሎት በአማርኛ ማግኘትና በከተማው መንግሥት መቀጠር

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ብዙ ነገር ስለያዘ በየተራ ልሂድበት። በሚመጣው ወር ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ልትዛወሩ ነው፤ እናትሽ እንግሊዝኛ አይናገሩም፤ ልጅሽ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንቺ ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ስለተመረቅሽ የከተማው መንግሥት ይቀጥረኝ ይሆን ወይ ብለሻል። እስካሁን የተሰጡሽ መልሶች «311 ደውዪ» (የከተማው የአገልግሎት ጥያቄ መቀበያ ስልክ ነው) እና «ኦንላይን አመልክቺ» የሚሉ ናቸው። ስህተት የለባቸውም፤ ግን ሰው ደጅ የሚጠናው ከእነዚህ ሁለት ምክሮች በኋላ ነው። የዲሲ መስተዳድር በቃል አይሠራም። ጥያቄሽ በትክክለኛው መደብ ገብቶ ቁጥር ካልወጣለት፣ መብትሽም ቅጹ ላይ ምልክት ካልተደረገበት፣ ከፊትሽ ያለችው ሠራተኛ ብታዝንልሽም ልትረዳሽ አትችልም። ስለዚህ የምጽፍልሽ በአብዛኛው ምኑን በምን ስም መጠየቅ እንዳለብሽ ነው።

ከእናትሽ ልጀምር፤ ብዙ ሰው በእጁ ያለውን መብት ሳይጠቀምበት የሚቀረው እዚህ ላይ ነውና። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ፣ ከሕዝብ ጋር የሚገናኙ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለማንኛውም ቋንቋ ተናጋሪ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። የጽሑፍ ትርጉም ግን ሌላ መለኪያ አለው። ማመልከቻ፣ ማስታወቂያ፣ የአቤቱታ ቅጽና የመሳሰሉት ዋና ዋና ሰነዶች መተርጎም ያለባቸው መሥሪያ ቤቱ ከሚያገለግለው ሕዝብ ውስጥ የቋንቋው ተናጋሪዎች 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰውን ሲሞሉ ነው። አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ብዙውን ጊዜ ከሚተረጎምባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ እናትሽ መስኮቱ ጋ ደርሰው «የአማርኛውን ቅጽ» ማለት ይችላሉ። ይህ መብታቸው ነው፤ እንደ ውለታ አይቆጠርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠራተኛዋ ቋንቋውን ከለየች በኋላ የስልክ አስተርጓሚ ደውላ ድምፁን ክፍት ታደርገዋለች። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ ሰው «ቋንቋሽ ምንድን ነው» ሲባል «ኢትዮጵያን» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ በመስመር ላይ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ይመጣና ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል። እናትሽ አንድ ቃል ብቻ ይያዙ፦ «አማሪክ»። የከተማው የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ የሚያድለው፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋውን የሚገልጽ ትንሽ ካርድ አለ፤ ቦርሳቸው ውስጥ ይኑር። ሁለተኛው፣ ሠራተኛው «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይዘው ይምጡ» ብሎ ይመልሳቸዋል፤ ወይም አብሯቸው የመጣውን ልጅ ያስተረጉመዋል። ይህን አትቀበሉ። የሕክምና፣ የቤት ወይም የእርዳታ ጉዳይ በልጅ አፍ ሲተረጎም ቀን ይሳሳታል፣ የገቢ መጠን ይሳሳታል፣ መዘዙ ከወራት በኋላ በደብዳቤ ይመጣል።

አስተርጓሚው መስመሩ ላይ እንደገባ የራሱን መለያ ቁጥር ይናገራል። ጻፉት። ከዚያ እናትሽ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናግረው ቆም ይበሉ፤ አስተርጓሚው ረጅም ታሪክ ሲሰማ ማሳጠር ይጀምራል፤ የሚያሳጥረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናውን ነው። ስልክ ስትደውሉም «አማሪክ» ብላችሁ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። መስመሩ ጸጥ ያለው አስተርጓሚ እየተፈለገ ስለሆነ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ተቋረጠ ብሎ ይዘጋዋል።

አገልግሎቱ ከተከለከለ አቤቱታው የሚቀርበው ለዚያው ለሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ነው፤ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስምና አድራሻ፣ ሠራተኛው ያለው ቃል፣ ከታወቀም ስሙ ይግባበት። «በደሉኝ» ከሚል አንድ ገጽ ይልቅ እነዚህን የያዘ አምስት መስመር ይሻላል። ሕጉ የሚመለከተው የከተማውን መሥሪያ ቤቶችና በከተማው ገንዘብ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶችን ነው። ኢሚግሬሽንና ሶሻል ሴኩሪቲ የፌዴራል ናቸው፤ የዲሲ ፍርድ ቤትም ከከንቲባው ሥር አይደለም። እነሱ የየራሳቸው የአስተርጓሚ አሠራር ስላላቸው አቤቱታውም ወደዚያው ይሄዳል።

ስለ 311። በከተማው ውስጥ ሆነሽ 311 ስትደውዪ ቀጥታ ይገባል። ቨርጂኒያ ሆነሽ ከደወልሽ ግን የዲሲውን ላታገኚ ስለምትችዪ 202-737-4404 ተጠቀሚ። ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ አፕሊኬሽንም አለው፤ ፎቶ ማያያዝ ስለሚቻል አፑን እመርጣለሁ። 311 ራሱ ምንም አይጠግንም። ጥያቄሽን መዝግቦ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል፤ ስለዚህ መደቡ ከተሳሳተ ጥያቄሽ ወደማይመለከተው ቢሮ ሄዶ እዚያ ይዘጋል። በመንገድ ላይ ያለ ጉድጓድና ከቤት ጀርባ ባለው አሊ ውስጥ ያለ ጉድጓድ ሁለት የተለያዩ መደቦች ናቸው። የመንገድ መብራት ሲጠፋ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አንብበሽ ስጪ፤ ቁጥሩ ከሌለ ጠጋኙ ከተደረደሩት ምሰሶዎች የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግረዋል። በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መካከል ያለው ዛፍ የከተማው ነው፤ በግቢ ውስጥ ያለው የባለቤቱ።

የጥያቄውን ቁጥር ሳትይዢ ስልኩን አትዝጊ። ከዚያ ሁኔታውን ስትከታተዪ «ተዘግቷል» የሚል ታይ ይሆናል። ይህ ሁልጊዜ ሥራው ተሠርቷል ማለት አይደለም፤ ለሌላ ቢሮ ተላልፎም ሊሆን ይችላል። ሥራው ካልተሠራ አዲስ ጥያቄ አስመዝግቢ፤ የድሮውን ቁጥርና ፎቶውን ጨምሪበት። ሁለተኛውም ከተዘጋ ሁለቱን ቁጥሮች ይዘሽ ወደ አካባቢሽ የኤኤንሲ (የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን) ኮሚሽነር ወይም ወደ ዋርድሽ (የምርጫ ክፍልሽ) የካውንስል አባል ቢሮ ጻፊ። ከተማው ስምንት ዋርድ አለው፤ ኤኤንሲ ደግሞ ከዚያ በታች ያለው ነው፤ አንድ ኮሚሽነር ሁለት ሺህ ገደማ ነዋሪ ይወክላል፤ ያለ ደሞዝ የሚሠራ ጎረቤትሽ ነው። በካውንስል አባላት ቢሮ ውስጥም የነዋሪን ጉዳይ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሉ። ቁጥር ይዞ የሚመጣን ሰው ጉዳይ በዚያው ቀን ወደ መሥሪያ ቤቱ ሊያስተላልፉት ይችላሉ፤ ቁጥር የሌለውን መጀመሪያ ወደ 311 ይመልሱታል።

ቆሻሻ ላይ ሰው ሁሉ ስለሚደናገር በግልጽ ላስቀምጠው። ከተማው ቆሻሻ የሚያነሳው ከግል መኖሪያ ቤትና ቢበዛ ሦስት ቤት ካለው ሕንፃ ነው። አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለቤቱ የግል ድርጅት መቅጠር አለበት። የምትከራዪው አፓርታማ ከሆነ 311 ላይ ማመልከት ጊዜ ማባከን ነው፤ አስተዳዳሪውን ያዢ። ቤት ከሆነ በርሜሉ የሚወጣው ከዋዜማው ምሽት 6፡30 በፈረንጅ ሰዓት በኋላ ነው፤ በተነሳበት ቀን እስከ ማታ 8 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ይመለሳል። አሮጌ ሶፋና ፍራሽ ዝም ብሎ አይወጣም፤ በ311 ቀጠሮ ይያዛል፤ በአንድ ጊዜ እስከ ሰባት ዕቃ። የግንባታ ፍርስራሽ አይወስዱም።

ውሃ የዲሲ ዋተር ነው፤ ቧንቧ ሲፈነዳ 202-612-3400። መብራት ፔፕኮ፣ ጋዝ ዋሽንግተን ጋዝ፣ ባቡሩና አውቶቡሱ ሜትሮ። እነዚህን 311 አይዛቸውም።

የመኪናውን ጉዳይ አታቆዪው። የቨርጂኒያ ታርጋ ይዘሽ ሌሊት ሌሊት ዲሲ መንገድ ላይ ስታቆሚ የከተማው ሠራተኞች ይመዘግቡታል፤ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ቅጣት ነው። ከሌላ ስቴት ተመዝግቦ የመጣ የራስሽ መኪና ከሆነ እንደ አዲስ ነዋሪ መኪና ሲመዘገብ የሚከፈለው ኤክሳይዝ ታክስ አይጠየቅሽም፤ ግን የቨርጂኒያውን የባለቤትነት ወረቀት (ታይትል) እና ምዝገባ ይዘሽ ሂጂ። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የሚያስከፍለው የመኪና ንብረት ግብር ዲሲ የለም። በሰፈር ለማቆም የነዋሪ ፓርኪንግ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለመጀመሪያው መኪና በዓመት 50 ዶላር፣ ለሁለተኛው 75 ነው። ፈቃዱ የሚሠራው በብሎክሽ ላይ ምልክቱ ካለ ብቻ ነው፤ ቤቱን ከመከራየትሽ በፊት መንገዱ ላይ ወጥተሽ ምልክቱን እዪ። ከማርች 1 እስከ ኦክቶበር 31 የመንገድ ጠረጋ አለ፤ በጠረጋው ሰዓት የቆመ መኪና 45 ዶላር ይቀጣል።

ለመታወቂያና ለመንጃ ፈቃድ፣ ሪል አይዲ (የፌዴራሉን መመዘኛ የሚያሟላው ዓይነት) ከሆነ የዲሲ አድራሻሽን የሚያሳዩ ሁለት የተለያዩ ማስረጃዎች ያስፈልጋሉ፤ የመብራት ክፍያና የባንክ ወረቀት ዓይነቱ በ60 ቀን ውስጥ የወጣ መሆን አለበት። የሰው ጣጣ የሚበዛው ስም ላይ ነው። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም ተጨምሮ፣ ኪራይ ውሉ ላይ ሳይጨመር ይቀራል፤ ወይም ፊደሉ አንድ ቦታ በአንድ ዓይነት፣ ሌላ ቦታ በሌላ ዓይነት ይጻፋል። ውሉን ስትፈርሚ ስምሽ በፓስፖርቱ ወይም በግሪን ካርዱ ላይ እንዳለ ይጻፍ። እናትሽ በስማቸው የሚመጣ ቢል ስለማይኖራቸው፣ አብሯቸው የሚኖር የዲሲ መታወቂያ ያለው ሰው ሞልቶ የሚፈርምላቸው የነዋሪነት ማረጋገጫ ቅጽ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የአንቺ ይውጣ፣ ከዚያ የእሳቸው።

ለልጅሽ መልካም ዜና አለ። ዲሲ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት በነፃ ይሰጣል፤ እስከ ሴፕቴምበር 30 ሦስት ዓመት መሙላት አለባት። ቦታው ግን የሚገኘው ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው ዕጣ ነው። እስከ 12 ትምህርት ቤት በምርጫ ቅደም ተከተል ታስገቢያለሽ፤ ቀነ ገደቡ ማርች መጀመሪያ አካባቢ ነው። ካለፈብሽም አመልክቺ፣ በተጠባባቂ ዝርዝሩ መጨረሻ ትገቢያለሽ፤ በበጋው ወራት ዝርዝሩ ይንቀሳቀሳል። ከኪንደርጋርተን ጀምሮ የሰፈርሽ ትምህርት ቤት ሊቀበላት ይገደዳል፤ በሦስት ዓመት ግን በሰፈር መሆን ብቻ ለአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ዋስትና አይሆንም። የነዋሪነት ማስረጃው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይቀርባል።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት የምትፈልጊው ሥራ ያለበትን ቦታ አስተካክዪ። የከተማው ዋና የቅጥር ገጽ ኬሪርስ ዶት ዲሲ ዶት ጋቭ ነው፤ የሚያስተዳድረው የሰው ኃይል መሥሪያ ቤቱ ነው። ነገር ግን የሒሳብ ሰዎች በብዛት ያሉት በዋናው የፋይናንስ ኃላፊ ቢሮ ሥር ነው። ይህ ቢሮ ራሱን የቻለ ነው፤ የገቢና የግብር መሥሪያ ቤቱም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት የበጀትና የሒሳብ ክፍሎችም የእሱ ናቸው፤ ቅጥሩንም ራሱ ያወጣል። በዋናው ገጽ ላይ ብቻ «አካውንታንት» ብለሽ የምትፈልጊ ከሆነ ገበያው ሳይታይሽ ያልፋል። የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ፣ ዲሲ ዋተር፣ የዲሲ ዩኒቨርሲቲና የከተማው የቤቶች ባለሥልጣንም የየራሳቸው ቅጥር አላቸው።

ዲግሪሽ ይቆጠራል፤ ግን መጀመሪያ ይገመገም። በአሜሪካ እውቅና ባለው የውጭ ትምህርት ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሚው፤ ሁለት ዓይነት ግምገማ አለ፣ አንቺ ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረውን ክፈዪ። አጠቃላዩ «ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው» ብቻ ይላል። የሒሳብ ሥራ ማስታወቂያ ግን ስንት የአካውንቲንግ ክሬዲት እንዳለሽ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ይከፍላሉ። የዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕት ከአዲስ አበባ እስኪላክ ጊዜ ስለሚፈጅ ይህን ዛሬ ጀምሪ።

ማስታወቂያውን ስታነቢ መጀመሪያ ሦስት ነገር ተመልከቺ። ለሕዝብ ክፍት ነው ወይስ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ብቻ? ቋሚ ነው፣ ተርም ነው ወይስ ቴምፖራሪ? ተርም ከሆነ የጊዜ ገደብ አለው፤ 13 ወር የሚል በብዛት ታያለሽ፤ ሊታደስ ይችላል፣ ላይታደስም ይችላል። ሦስተኛው የሥራ ልምዱ ነው፦ ብዙ ማስታወቂያ ከሥራው አንድ ደረጃ ዝቅ ካለው ጋር የሚመጣጠን ቢያንስ የአንድ ዓመት ተዛማጅ ልምድ ይላል። የሰው ኃይል ሠራተኛው ይህን የሚፈልገው ሬዙሜሽ ላይ ተጽፎ ነው፤ አይገምትልሽም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሥራ መነሻና መድረሻ ወርና ዓመት፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ምን ምን እንደሠራሽ ይጻፍ። ማስታወቂያው «የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ» ካለና አንቺ ይህንኑ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሠራሽ፣ ቃሉን ራሱን ጻፊው። የአገር ቤት ልምድን «እዚህ አይቆጠርም» ብሎ መተው በሐበሻ ሬዙሜዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ጉዳት ነው። ለአንድ ገጽ አትጨነቂ፤ እዚህ ማሳጠር አይጠቅምም።

ቀጥሎ ነዋሪነት። በብዙዎቹ የከተማው መደበኛ ሥራዎች የዲሲ ነዋሪ በ100 ነጥብ መለኪያ ላይ 10 ነጥብ ይጨመርለታል። ትልቅ ነገር ነው፤ ለመጠየቅ ግን ስታመለክቺ ቅጹ ላይ ምልክት ማድረግ አለብሽ፤ ከተመዘገበ በኋላ «ረስቼው ነው» አይሠራም። ዋጋም አለው፦ በዚህ ነጥብ ተቀጥረሽ ከሆነ ለሰባት ዓመት ዲሲ መኖር ግዴታሽ ነው። በአራተኛው ዓመት ቤት ገዝተሽ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ብትወጪ ሥራውን ልታጪ ትችያለሽ። የኛ ሰው ቤት ፍለጋ ወደ ሜሪላንድ መውጣት ስለሚቀናው ይህን ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ከተማው ሠራተኛውን እዚያው ለማቆየት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሠራተኛ የቤት መግዣ ድጋፍ አለው፤ እስከ 20,000 ዶላር ያለ ወለድ ብድርና ከራስሽ ቁጠባ ጋር የሚዛመድ እስከ 5,000 ዶላር ድጎማ። በዲሲ የቤት ዋጋ ብዙ ባይመስልም ግዢው ሲጠናቀቅ ለሚከፈለው የመዝጊያ ወጪ ያግዛል።

አማርኛሽንም ሬዙሜው ላይ አድርጊው፤ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ ብለሽ ለይተሽ። ያ የ2004ቱ ሕግ ራሱ ከሕዝብ ጋር በሚያገናኙ ክፍት ቦታዎች ሁለት ቋንቋ የሚችሉ ሰዎችን ስለመቅጠር ይናገራል። በከንቲባው ሥር ያለው የአፍሪካ ጉዳዮች ቢሮም የሥራ ማስታወቂያና የምክር ዝግጅቶችን ለማኅበረሰቡ ስለሚያደርስ ኢሜይልሽን አስመዝግቢ።

ደሞዙ በደረጃና በደረጃው ውስጥ ባሉ እርከኖች የተከፈለ ነው። ማስታወቂያው ሰፊ ክልል ቢያሳይም አዲስ ሰው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከታችኛው እርከን ነው። ከፍ ያለ ለመጠየቅ ጊዜው ደብዳቤውን ከመፈረምሽ በፊት ነው፤ የአሁኑ ደሞዝሽን ማስረጃ አያይዢ። ደሞዙ ከግል ድርጅት ቢያንስም ቀሪውን አብረሽ አስዪ፦ ከጤና መድኅን ወጪው 75 በመቶውን ከተማው ይከፍላል፤ በየሁለት ሳምንቱ 4 ሰዓት የዓመት ፈቃድና 4 ሰዓት የሕመም ፈቃድ ይጠራቀምልሻል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የዓመት ፈቃዱ ወደ 6 ሰዓት ያድጋል። ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ ከተማው ከመሠረታዊ ደሞዝሽ 5 በመቶ የሚያህል ለጡረታሽ ያስገባል፤ ከአንቺ አይቀነስም። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ያንቺ የሚሆነው ግን በአምስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከለቀቅሽ ሁሉም ይቀራል።

ሌሎቻችሁ ለምታነቡ፦ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 24 የሆኑ የዲሲ ልጆች ከ1979 ጀምሮ ባለው የበጋ ሥራ ፕሮግራም ለስድስት ሳምንት ገደማ እየተከፈላቸው ይሠራሉ፤ ምዝገባው የብርዱ ወራት ሳይወጣ ስለሚጀመር ሜይን አትጠብቁ። ፖሊስ ለመሆን የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል፤ ፖሊስ መምሪያው ሰው ስለቸገረው ለአዲስ ተቀጣሪ እስከ 25,000 ዶላር ቦነስ እስከ መስጠት ደርሷል። ሲዲኤል (የከባድ መኪናና የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ) የሚፈልግ ነዋሪ በ2018 የተከፈተውን የከተማውን የኢንፍራስትራክቸር አካዳሚ ይጠይቅ፤ ሥልጠናው ነፃ ነው።

እህቴ፣ ስለ ጊዜው ደግሞ፦ ከማመልከቻ እስከ መጀመሪያው የሥራ ቀን ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ በ2025 እንደሆነው በበጀት ምክንያት ቅጥር የሚቆምበት ጊዜም አለ። የመጀመሪያው ደብዳቤ የሚመጣው በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ነው፤ የኋላ ታሪክ ማጣሪያው የሚደረገው ከእሱ በኋላ ነው። የመጨረሻው ደብዳቤ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ተጽፎበት እጅሽ እስኪገባ ድረስ የአሁኑን ሥራሽን አትልቀቂ። ከገባሽም በኋላ የመጀመሪያው አንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ ነው።